የሚኤሶው ሰዓት

የጡረታ ደብዳቤዬ ላይ የሥራ መደቤ «የጽሕፈት ሠራተኛ» ይላል። ለቢሮው አንድ ገጽ እንኳ ከተየብኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መደቡ እንዲስተካከልልኝ የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ፋይሌ ውስጥ ተጠርዘው ተቀምጠዋል፤ ደመወዜም በዚያው በጽሕፈት ሠራተኛ ልክ ሲንፏቀቅ ኖረ። ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

የመጨረሻዋ ቀን ላይ የንብረት ክፍሉ ሰው ዝርዝር ይዞ መጣ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ስቴፕለር፣ የመደርደሪያ ቁልፍ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት ቆጥሮ ተረከበኝ። ከጠረጴዛዬ ጎን ያለችውን ጥቁር ሣጥን ግን ዞር ብሎም አላያት። የጭሮን ቢሮ ከሚኤሶና ከበደሳ ቅርንጫፎች ጋር ስታገናኝ የኖረችው ኮምፒውተር እሷ ናት።

«የእሷን የይለፍ ቃልስ ማን ይረከበኛል?» አልኩት።

«ውይ እትዬ ዘነበች፣ ሁሉም ነገር ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የለ እንዴ፤ እሷማ ከጠፋች ሰነበተች» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያጠፋኋትም እኔው ነኝ። ቢሆንም አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ፈልጌ ነበር። ያ የይለፍ ቃል እስካሁን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፣ የሚፈልገውም የለም።

ሥራ የጀመርኩት በታይፕራይተር ነው። ጭሮን ያኔ ሁሉም አሰበ ተፈሪ ነበር የሚላት፤ ዛሬም አፌ ላይ የሚቀድመው እሱ ነው። ጣቴ ፈጣን ስለነበረ ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው አለቃችን ኮምፒውተሮቹን በገመድ እናያይዛቸው ሲባሉ፣ «እነሱ ደግሞ ተገናኝተው ምን ሊያወሩ ነው?» ያሉ ሰው ናቸው። ቀልዳቸው መስሎን ሳቅን፤ ደብዳቤውን ግን ሁለት ዓመት ሳይፈርሙበት አቆዩት። እሳቸው ሲዛወሩ ነው ጋሽ ወርቅነህ የመጡት።

ጋሽ ወርቅነህ የድሮ የስልክ ቴክኒሻን ነበሩ፣ ዝምተኛ፣ ቀጭን። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጸሐፊዎቹ ሁሉ የሚሠሩት በዊንዶውስ ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ጥቁሯን ሣጥን ግን ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት አስነሷት፤ ገንዘብ ስለማይጠይቅና በፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ ስለማይነካው። ዊንዶውስና ሊኑክስ አንዱ የሌላውን አነጋገር አያውቅም። መሐል ገብቶ የሚያግባባቸው ፕሮግራም አለ፣ ስሙም ሳምባ ነው። አንድ ቀን «ሳምባው ስለቆመ የጠዋቱ ሥራ ተስተጓጉሏል» ብዬ ሪፖርት ብጽፍ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ከልቡ ደንግጦ ደወለልኝ። «ሐኪም ዘንድ ሄደሻል? ፈቃድ ልሙላልሽ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሲያገኘኝ «ሳምባሽ እንዴት ነው?» ነበር የሚለኝ።

ያኔ ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። የበደሳዋ ጸሐፊ አንድ ጊዜ ፍላሿን በመሐረብ ጠቅልላ፣ በጭቃው መንገድ ግማሽ ቀን ተጉዛ መጣች። ቫይረሱ ፎልደሮቿን ሁሉ ደብቆ ነበር፣ የዓመት ሥራዬ ጠፋ ብላ ዓይኗ አብጧል። ጥቁሯ ሣጥን ላይ ስሰካው ግን ሁሉም ቁጭ ብሎ ተገኘ፤ ዊንዶውስ የሚደብቀውን ሊኑክስ አይደብቅም። ሌላ ጊዜ በድሮ የአማርኛ ፊደል የተጻፈ የስም ዝርዝር ተዘበራርቆ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ መጣ። እኔ አነበብኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ጠረጴዛው ላይ እንደምተይብ ሆኜ ጣቶቼን ሳንቀሳቅስ፣ ያ የእንግሊዝኛ ፊደል የቱ የአማርኛ ቁልፍ እንደነበረ ጣቴ ራሱ ይነግረኛል። ጋሽ ወርቅነህ አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ይህንን እኔም አልችልም» አሉ። ከሳቸው ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና ያ ነው።

እሳቸው ሁለት ሰዓት ያስሩ ነበር። የግራ እጃቸው በሐበሻ አቆጣጠር፣ የቀኝ እጃቸው በፈረንጅ። ከተማው «ባለሁለት ሰዓቱ» እያለ ይስቅባቸዋል፣ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ። ማናቸውንም ኮምፒውተር ከመንካታቸው በፊት ሁለቱንም እጃቸውን ከስክሪኑ አጠገብ ዘርግተው ያስተያያሉ። ከዚያ መስመር ባለው ደብተራቸው ላይ የማሽኑን ስም፣ ማሽኑ የሚለውን ሰዓት፣ የራሳቸውን ሰዓት ይጽፋሉ። ይህን ሳያደርጉ ኪቦርድ ሲነኩ አይቻቸው አላውቅም።

«ዘነቡ፣ እኛና ማሽኑ ስድስት ሰዓት እንለያያለን» ይሉኝ ነበር። «ይህን የረሳሽ ቀን ትጣላላችሁ።»

«ጋሼ፣ ስድስት መቀነስ አቅቶኝ ነው ሁለት ሰዓት የማስረው?» እላቸዋለሁ።

«መቀነሱ አይደለም የሚከብደው። መቀነስ እንዳለብሽ ማስታወሱ ነው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የጥቁሯን ሣጥን የይለፍ ቃል ለሁለት ከፍለውት፣ ግማሹን እሳቸው፣ ግማሹን እኔ ነበርን የምናውቀው። ለመግባት ሁለታችንም መኖር አለብን፤ አንዳችን ስንተይብ አንዳችን ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። ሙሉውን አንድ ሰው የያዘው እንደሆነ ያ ሰው እስረኛ ሆነ ማለት ነው ይሉ ነበር። ሲታመሙ ቤታቸው ሄድኩ። ግማሻቸውን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝና «አጥንተሽ አቃጥይው» አሉኝ። አጥንቼ አቃጠልኩት። ከወር በኋላ ቀበርናቸው።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ነበርኩ። ባሌ ድሬዳዋ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዶ እዚያው ከቀረ ቆይቷል፤ ልጅ አልነበረንም። ቢሮ ውስጥ ሰው ሞልቷል፣ ግን የምሠራውን የሚያውቅ አንድም የለም። ሲሠራ ማንም አያየውም፣ ሲበላሽ ነው «ዘነበች የት አለች» የሚባለው። ጠዋት ስገባ ሣጥኗን «እንዴት አደርሽ» እላት ጀመር። አንዷ ተላላኪ ሰምታኝ ለሁሉም አወራች፣ እኔም አልተውኩትም።

አሁን ስለ ቢሮው ሥራ መናገር አለብኝ። ስሙን አልጠራም። ድርቅ ሲመታ ከቆላው የሚበተነውን ሰው የሚመዘግብ ቢሮ ነበር። ከብቱ ያለቀበት፣ ማሽላው የደረቀበት ቤተሰብ አባት ወደ አንድ፣ ልጅ ወደ ሌላ ይሄዳል። በሚኤሶ ወይም በበደሳ ቅርንጫፍ ገብቶ ስሙን፣ የሚሄድበትን፣ የሚገኝበትን ስልክ አስመዝግቦ ያልፋል። ዘመድ ሊፈልገው ሲመጣ መዝገቡ ይታያል። እያንዳንዱ ፈላጊ አንድ ፋይል አለው፤ ያ ፋይል በሦስቱም ከተሞች ይገኛል።

በየቀኑ በምሳ እረፍት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጥቁሯ ሣጥን የሦስቱን ከተሞች ፋይሎች ታስተያያለች። አንድ ፋይል ሁለት ቦታ ተለያይቶ ካገኘች፣ በቅርብ ሰዓት የተጻፈበትን ታስቀርና ቀደም ያለውን በእሱ ትተካዋለች። ትእዛዙን «አዲሱ ይኑር» እንለዋለን። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ እኔ እሷን እየጠበቅሁ ከቤት ያመጣሁትን እበላለሁ።

ጡረታ ልወጣ አራት ዓመት ሲቀረኝ የሚኤሶው መዝጋቢ ጀማል አንድ ጠዋት ደወለ። ጀማል ለሥራው የሚሞት፣ ፊደል የማይስት፣ በዕድሜ ወደ እኔ የሚጠጋ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ማሽኑ ጭሮ አላስገባም አለኝ።»

«ምን ይላል?»

«እንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም። ከላይ አይፈቀድም ነው የሚለው።»

«በቃ ተወው፣ ከዚህ አየዋለሁ» አልኩት።

ሙሉውን አላስነበብኩትም። ባስነብበው ኖሮ ሁለተኛው መስመር ላይ ሰዓት የሚል ቃል ያገኝ ነበር። ጥቁሯ ሣጥን ሰዓቱ ከእሷ ከአምስት ደቂቃ በላይ የተዛነፈን ማሽን አታስገባም። የሌባ መግቢያ እንዳይሆን ጋሽ ወርቅነህ ያበጁት ቁልፍ ነው። የጀማል ማሽን ውስጥ ያለችው ሰዓት የምትጠብቅ ትንሽ ባትሪ ሞታ ኖሯል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋል፤ ጀማል ደግሞ ማንም ሳያዘው በየጠዋቱ ከስልኩ እያየ ያስተካክለዋል። ስልኩ እንደ ብዙ ሰው ስልክ በሐበሻ ሰዓት የተሞላ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ማሽኑንም ሦስት ሰዓት ያደርገዋል፣ ለማሽኑ ግን ሦስት ሰዓት ማለት ገና ዶሮ ያልጮኸበት ነው።

ይህን አላወቅሁም፣ ላውቅም አልፈለግሁም። ሚኤሶ መውረድ ነበረብኝ። ሙቀቱን፣ የከባድ መኪናውን ሰልፍ፣ ብቻዬን የምበላበትን ሆቴል አሰብኩና ታከተኝ። ሰዓት የማይጠይቅ አሮጌ መግቢያ ነበረ፣ ጋሽ ወርቅነህ ራሳቸው የዘጉት፤ እሱን ለሚኤሶ ብቻ ብዬ ከፈትኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጀማል ደውሎ «ገባ፣ እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምሳዬንም በሰላም በላሁ።

ሰአዳ ጭሮ ገበያ ማሽላ የምትሸጥ ሴት ናት። ከሚኤሶ በታች ካለ ቀዬ በድርቁ ነው የመጣችው። ታላቅ ወንድሟ አሕመድ የቀሩትን ግመሎች ይዞ ውሃ ፍለጋ እንደሄደ ተለያዩ። እናት አባት የላቸውም፣ እሱ ነው ያሳደጋት። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ገበያ ከመውጣቷ በፊት ቢሮ ትመጣለች፣ መዝጋቢዋ ፋይሉን ከፍታ ታይና «ገና ነው» ትላታለች። «ሀዬ፣ ኢንሻአላህ» ብላ፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ትሄዳለች። በመተላለፊያው ስታገኘኝ ቆም ብላ ሰላም ትለኛለች። በስሜ ጠርቶ ሰላም የሚለኝ ሰው ብዙ ስላልነበረ ሐሙስን እጠብቅ ነበር።

መግቢያውን በከፈትኩ በሁለት ሳምንት ጀማል ለስብሰባ ጭሮ መጣ። ቢሮዬ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ፣ «እትዬ፣ እንዴት ሆኑ፣ ተገናኙ?» አለኝ።

«እነማን?»

«ሰአዳና ወንድሟ ናቸዋ። ያለፈው ሐሙስ ሳይሆን የዚያ በፊቱ መጣ እኮ። ፋይሏ ላይ ስልኩን መዝግቤዋለሁ።»

ፋይሉን ከፈትኩት። ስልክ የለም፣ አሕመድ የለም። የመጨረሻው መስመር የጭሮዋ መዝጋቢ የጻፈችው ነው፦ «ፈላጊዋ ዛሬም መጥታ ጠይቃለች።» ጥቁሯ ሣጥን የሠራችውን ሁሉ የምትጽፍበትን ዝርዝር ከፍቼ ያንን ሐሙስ ፈለግሁ። በፈረንጁ አቆጣጠር ጭሮ ስምንት ተኩል፣ ሚኤሶ ሦስት ከአሥር፤ የሚኤሶው ተተክቷል ይላል። በፈረንጅ ሦስት ሰዓት ሌሊት ነው፤ ሌሊት ማን ይመዘግባል? በሚኤሶው ላይ ስድስት ጨመርኩበት። አሕመድ የመጣው በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ነው። ሰአዳ የጠየቀችው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። እሱ ከእሷ በኋላ ነው የመጣው፣ ሣጥኗ ግን የቆየ ነገር መሰላት። ወንድሟን ያጠፋው የእሷው ጥያቄ ነው።

«ስልኩን ሌላ ቦታ ጽፈኸዋል?» አልኩት።

«ኮምፒውተሩ ላይ አለ ብዬ ተውኩት» አለ። የሆነው ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። «እኔ እኮ ሰዓቱን ላስተካክል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«አንተ አይደለህም» አልኩት። እሱ አልነበረም። ቁልፉ ሰዓቱ ተዛንፏል እያለ ሲጮህ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። የቆዩትን ቅጂዎች ማስቀመጥም ከሁለት ወር በፊት አቁሜ ነበር፤ ዲስኩ ሞልቶ፣ ሌላ ይገዛ ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ መልስ ሳይመጣለት።

በማግስቱ ሚኤሶ ወረድኩ። ባትሪውን ቀየርኩ፣ መግቢያውን መልሼ ዘጋሁ፣ ስክሪኑ ላይ «ይህ ሰዓት አይነካ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ከዚያ ከባድ መኪናዎቹ የሚቆሙበት ሄጄ ሾፌር ሁሉ ጠየቅሁ። ጀማል የሚያስታውሰው ረጅም መሆኑን፣ እህቱን ከነአባቷ ስም ጠርቶ መጠየቁን፣ ከዚያ የጭነት መኪና ላይ መሳፈሩን ብቻ ነው። ወዴት እንደሆነም ከቁጥሩ ጋር ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ያየው የለም።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። «ለሴትየዋ ብትነግሪያት ምን ይጠቅማታል? ሐዘን ነው የምትጨምሪባት» አለኝ። የጠቀመው እኔን ነውና ቶሎ ተስማማሁ። አዝኜላት ዝም ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ፈርቼ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ቢኖሩ ለሳቸው እነግር ነበር። እሳቸው ደግሞ ሁለቱን እጃቸውን ዘርግተው ሰዓቶቹን ያሳዩኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሲሆን በሬን እዘጋለሁ። ድምፅዋን ከውስጥ እሰማለሁ። አንድ ሐሙስ ለመዝጋቢዋ፣ «አሕመድ ሞቷል፣ ወይ ደግሞ ረስቶኛል። ሞቶ ከሆነ ይሻለኛል» ስትል ሰማኋት። እጄ መዝጊያው ላይ ነበር፣ አልከፈትኩትም። ከዚያ መምጣቷ እየራቀ፣ በመጨረሻም ከናካቴው ቀረች። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሚዘጋ በር አልነበረኝም። ቤት ውስጥ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ምሳዬን ይዤ ቀና እላለሁ፣ የምጠብቀው ነገር የለም። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ተነስቼ ገበያ ወጣሁ።

ሰአዳ ማሽላዋ ፊት ተቀምጣለች፣ ጠቁራለች። «አዴ ዘነበች፣ ዛሬ ቢሮ የለም?» አለችኝ። እንደ ድሮው በስሜ። ጡረታ መውጣቴን ነገርኳት፣ አጠገቧ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና የቀረውንም ነገርኳት። ስለ ባትሪው፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለከፈትኩት መግቢያ። ስለ ማሽኑ የምለውን እየሰማችኝ አልነበረም። የመስፈሪያ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።

«መጥቶ ነበር?» አለች።

«መጥቶ ነበር።»

«እኔን ፈልጎ?»

«አንቺን ፈልጎ። ስምሽን ከነአባትሽ ጠርቶ።»

«ኦቦሌሳኮ» አለች፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። ጣሳውን አስቀመጠችው። ሳትጮህ፣ «እኔ ረሳኝ ብዬ ነበር። ለልጆቼ አጎታችሁ ረስቶናል ብዬ ነገርኳቸው» አለች። «ስልክ ጠፋ፣ እሺ፣ ስልክ ይጠፋል። መምጣቱን ለምን ደበቅሽ?»

«ፈራሁ» አልኳት።

ይቅርታ አድርጌያለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። አንዲት ገዢ ስትመጣ ሁለት ጣሳ ሰፈረችላት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ወረቀት አለሽ? መምጣቱን ጻፊልኝ። ለልጆቼ አሳያለሁ።»

ቦርሳዬ ውስጥ ደብተር አለ፣ ከጋሽ ወርቅነህ የቀረብኝ ልማድ ነው። አንድ ገጽ ቀደድኩ። የጽሕፈት ሠራተኛ ነኝ አይደል፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ የእሷን ስም፣ የወንድሟን ስም፣ ሚኤሶ መምጣቱን፣ እሷን መጠየቁን ጻፍኩ። ሰዓቱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። አራት ዓመት ሙሉ ያ የሚኤሶ ማሽን ተሳስቷል ስል ነበር። ለጥቁሯ ሣጥን ነው እንጂ የተሳሳተው፣ ለሰአዳና ለአሕመድ ልክ ነበር። ጀማል እንደሞላው አድርጌ ጻፍኩት፦ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥር።

ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። ልሄድ ስነሳ ቀና ሳትል፣ «ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ነኝ። የሰማሽ ነገር ካለ ነይ» አለችኝ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ሚኤሶ እወርዳለሁ፣ ጀማል ጋ ሻይ እጠጣለሁ፣ ሾፌሮቹን እጠይቃለሁ። ሐሙስ ጠዋት ገበያ እወጣለሁ። እስካሁን የምላት «ገና ነው» ብቻ ነው። ግን ፊቷ ቆሜ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው የምላት፤ እሷም «ሀዬ፣ ኢንሻአላህ» ትለኛለች።